ከአንድ ወደብ፣ በአንድ ወር፦ የባሕር ወፍ ጉዞዎች ዝርዝር ለምን አይገጥምም?

ቆጪ — እሁድ፣ ማታ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ጥቂት ሰዎች በሚመጣው ክረምት ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ወርደው የባሕር ወፍ ለማየት እየተዘጋጁ ስለሆነ፣ ነገሩን የምታውቁ ብትመክሩበት ብዬ ነው። ከሳይመንስ ታውንና ከሃውት ቤይ የሚነሱ ጀልባዎች ያወጧቸውን የታዩ ወፎች ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግራ ያጋባሉ። ወደቡ ያው፣ ወሩ ያው፣ አንዳንዴም መሪው ያው ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ዝርዝር አራት ዓይነት አልባትሮስ (ረጅም ክንፍ ያለው ትልቅ የባሕር ወፍ) እና በሺህ የሚቆጠር ወፍ ይዞ ይመጣል። የሌላው ሳምንት ደግሞ አንድ ዓይነት አልባትሮስና ጥቂት ደርዘን ወፍ። ወፎቹ እውነት ከአካባቢው ሄደው ነው? ወይስ እዚያው እያሉ ሳይታዩ ቀርተው? ቀን መርጦ መሄድ ይቻላል? ጂቡቲ ቅርብ ስለሆነች እዚያ መጀመር ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እሱንም ብትጨምሩበት።

አዌቱ — እሁድ፣ ማታ 2፡05

ቆጪ፣ ከወፎቹ በፊት ባሕሩን እንለካው። ጀልባዋ ከኬፕ ፖይንት (የብሱ ወደ ባሕር ከገባበት ጫፍ) 30 የባሕር ማይል ወጥታ ትመለሳለች እንበል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትንሽ ወፍ በእርግጠኝነት የሚለየው ከጀልባዋ ግራና ቀኝ እስከ 300 ሜትር ነው ብንል፣ በቀኑ የታየው ባሕር 111 በ0.6 ሲባዛ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኬፕ ፖይንት እስከ 30 ማይል ድረስ ያለው ግማሽ ክብ ግን 4,850 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ተውሎ የታየው 1.4 በመቶው ብቻ ነው ማለት ነው። ጀልባዋ በሄደችበት መስመር ከተመለሰች ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ወፉ በባሕሩ ላይ እንደ ጤፍ ዘር እኩል ቢበተን ኖሮ ይህ ብዙ ባልጎዳ ነበር፤ 1.4 በመቶው ስለ ቀሪው ይናገር ነበር። ግን አይበተንም፣ ይሰበሰባል። ልዩነቱን በቁጥር እዩት። አንደኛው ወፍ በአማካይ በጉዞ 4 ይታያል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይበራል። እንዲህ ያለውን ወፍ በአንድ ጉዞ ጭራሽ አለማየት ከ100 አንዴ ወይም ሁለቴ የሚሆን ነገር ነው። ሁለተኛውም ወፍ በአማካይ በጉዞ 4 ይታያል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ 40 ሆኖ በአንድ መንጋ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ መንጋው የሚገኘውም ከ10 ጉዞ በአንዱ ነው። አማካዩ ያው 4 ነው። ሆኖም ከ10 ጉዞ ዘጠኙ ዜሮ ነው። ሦስት ጉዞ ተከታትሎ ዜሮ የመሆን ዕድሉም 73 በመቶ ነው። ሁለቱ ወፎች በመጽሐፍ ላይ እኩል «የተለመደ» ተብለው ይጻፉ ይሆናል፤ ዝርዝር ላይ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ፦ አብዛኛውን ጊዜ ወፉ አልሄደም፤ መንጋው ከመስመሩ ውጪ ነበር።

ሰቃ — እሁድ፣ ማታ 2፡30

ታዲያ መንጋው ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም? ካፒቴኖቹ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ባሕር ላይ አይደሉ እንዴ?

ጂረን — እሁድ፣ ማታ 3፡15

ልጅ ሰቃ፣ በከፊል ይቻላል። ባሕር ከላይ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ እንደ መሬት ለምና ጠፍ አለው። ከኬፕ በስተ ምዕራብ የቤንጉዌላ ውኃ አለ። በእነሱ በጋ ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲበረታ የላይኛውን ሞቅ ያለ ውኃ ከዳርቻው ገፍቶ ያርቀዋል፤ በእግሩ ከሥር ቀዝቃዛና ማዕድን የጠገበ ውኃ ይወጣል። በዚያ ላይ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ይራባሉ፣ በእነሱ ላይ ደቃቅ እንስሳት፣ ከዚያ ሰርዲንና አንቾቪ፣ ከዚያ ወፍ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። በሳተላይት የሙቀት ካርታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ታየ ማለት ምግብ ደረሰ ማለት አይደለም። ገና ከሥር የወጣ ውኃ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ባዶ ነው፤ እርሻው ታረሰ እንጂ አልበቀለም። ነፋሱ ረገብ ብሎ ፀሐይ ካገኘ ከቀናት በኋላ ነው አረንጓዴው የሚታየው፤ ዓሣውና ወፉ ከዚያም ይዘገያሉ። የሚፈለገው እንግዲህ የቀዝቃዛው ውኃ መሀል ሳይሆን ዳሩ ነው፣ ሙቁና ቀዝቃዛው የሚጋጠሙበት መስመር። ባሕር ላይ ሆኖ ይህን መስመር በዓይን መለየት ይቻላል፦ የውኃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል፣ አረፋና የባሕር ሣር በረጅሙ ተሰልፎ ይተኛል፣ የጀልባዋ ቴርሞሜትር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሁለት ዲግሪ ይዘላል። መስመሩ ግን በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። ባለፈው ቅዳሜ 22 ማይል ላይ የነበረው ዛሬ 34 ማይል ላይ ሊሆን ይችላል። ጀልባዋ 30 ላይ ከተመለሰች ቀኑ ባዶ ነው።

የማይንቀሳቀሰው የባሕሩ ወለል ነው። የአህጉሩ መደብ አልቆ ጥልቀቱ ከጥቂት መቶ ሜትር ወደ ሺህና ከዚያም በላይ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የውኃው ፍሰት ምግቡን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከኬፕ ፖይንት 25 እስከ 35 ማይል የሚወጡት ለዚህ ነው። በ15 ኖት (በሰዓት 15 የባሕር ማይል) የምትሄድ ጀልባ 30 ማይል ለመድረስ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ትፈጃለች። የዘጠኝ ሰዓት ጉዞ ከሆነ ጠርዙ ላይ የሚተርፈው ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። ጠዋት ሞገዱ ከፍ ብሎ ጀልባዋ በ9 ኖት ከሄደች መድረሻው ብቻ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው፤ መመለሻውም እንደዚያው። ጠርዙ ላይ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም «የአንድ ቀን ጉዞ» ተብለው ነው የሚጻፉት።

ሂርማታ — እሁድ፣ ማታ 3፡50

ጋሽ ጂረን ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ኬፕ ላይ ግን ሁሉን የሚገለባብጠው አንድ ነገር አለ፦ መረብ ጎታች መርከብ። ሄክ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት ትላልቅ መርከቦች በዚያው ጠርዝ ላይ ይሠራሉ። መረቡ ሲሳብና የዓሣው ሆድ ዕቃ ሲጣል ከዙሪያው ያለው ወፍ ሁሉ ይሰበሰባል። አልባትሮስ መርከብን እስከ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት አይቶ መንገዱን እንደሚያጥፍ በጂፒኤስ መከታተያ ታይቷል። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ መርከብ የ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ወፍ ከጠራ፣ እሱ ጋ የደረሰች ጀልባ አልባትሮስን፣ ነጭ አገጯን ፔትሬልና የኬፕ ፔትሬልን (ፔትሬል የአልባትሮስ ዘመድ የሆነ የባሕር ወፍ ነው) በሺህ ታያለች። ከእሱ 15 ኪሎ ሜትር ርቃ የዋለችው ደግሞ ወፉ ከተወሰደበት ባሕር ላይ ነው የምትዞረው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ባሕር የወጡ ሁለት ጀልባዎች ተቃራኒ ዝርዝር ይዘው የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

መርከቡ በመኖሩ ብቻም አይበቃም። መረቡ ሥር ሆኖ ገና እየጎተተ ከሆነ ወፉ ተበታትኖ ውኃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መረቡ ሲወጣ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰማዩ ይሞላል። ጥሩ ካፒቴን በሬዲዮ «መረብ የምትስቡት ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠይቆ በሰዓቱ ይደርሳል። ጉዞ ስትይዙ አዘጋጁን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ይሁን፦ ካፒቴኑ ከመርከቦቹ ጋር በሬዲዮ ይገናኛል ወይ?

ቦዬ ዳር — ሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ይህን ለመረዳት ኬፕ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅማ አጠገብ ቦዬ ረግረግ ላይ ያለው ያው ነው። በበጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ውኃው ሲሸሽ ወፉ በቀረችው ኩሬና ጭቃ ዙሪያ ይሰበሰባል። አንድ ቦታ ቆሞ ብዙ መቁጠር ይቻላል። ክረምት ሲገባ ውኃው ወደ ሣሩና ወደ ማሳው ይሰፋል፣ ሣሩም ቁመት ያወጣል። ወፉ ቢኖርም ተበትኗል፣ ተሸፍኗልም። የቆጣሪው ቁጥር ወረደ ማለት የወፉ ቁጥር ወረደ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት የውኃ ዳር ወፎች ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብቻ ስላሉ፣ በክረምት የእውነትም የሌሉ አሉ። ሁለቱን ምክንያት መለየት ነው ሥራው።

ግልገል ግቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ደግሞ በአሰንዳቦ በኩል እዩት። ግድቡ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውኃው ከክረምት በኋላ ሞልቶ በጋውን ሙሉ እየወረደ ይሄዳል። ሲወርድ ሰፊ ጭቃ ይገለጣል፤ ያኔ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች ይበዛሉ። ሲሞላ እነሱ ጠፍተው ዳክዬ ብቻ መሀል ላይ ይታያል። የውኃውን ከፍታ ሳይጽፍ የቆጠረ ሰው ሁለት ዓመት ቆጥሮ ምንም አይማርም። ባሕር ላይም የነፋሱንና የመርከቡን ነገር ያልጻፈ ዝርዝር እንዲሁ ነው።

ቆጪ — ሰኞ፣ ቀን 6፡40

በጣም አመሰግናለሁ። ነፋስን በተመለከተ ግን ሁለት ተቃራኒ ምክር አለ። አንዱ «ነፋስ ሲኖር ነው ወፍ የሚታየው» ይላል፤ ሌላው «ጸጥ ያለ ቀን ምረጡ»። የትኛው ነው ትክክል?

ጂረን — ሰኞ፣ ማታ 1፡30

ለአልባትሮስ ነፋስ ነው ሞተሩ። ክንፉ ሲዘረጋ ትልቁ ዓይነት እስከ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ያንን ክንፍ እያራገበ ሩቅ መሄድ አይችልም። ነፋስ በውኃው ፊት ላይ ደከም ይላል፣ ከፍ ሲሉ ይበረታል። ወፉ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ይወጣል፣ ዞሮ ወደ ታች ይንደረደራል፣ በልዩነቱም ፍጥነት ያገኛል። ነፋስ ከሌለ ውኃ ላይ ቁጭ ይላል። የተቀመጠ ወፍ ወደ ጀልባ አይመጣም፤ በሞገድ መካከልም አይታይም። ጸጥ ያለ ቀን ለመንገደኛው ምቹ ነው፣ ለዝርዝሩ ግን ደረቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሽታ ነው። ፔትሬል፣ ሺርዎተርና ስቶርም ፔትሬል ከምንቃራቸው ላይ ቱቦ አላቸው፤ የማሽተት ኃይላቸው ከአብዛኛው ወፍ የላቀ ነው። ደቃቅ የባሕር እንስሳት ዕፅዋቱን ሲበሉ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋብሪኤል ኔቪትና ባልደረቦቿ በ1995 ኔቸር ላይ ባወጡት ሥራ አንዳንዶቹ ፔትሬሎች ወደዚህ ሽታ እንደሚመጡ አሳይተዋል። ነፋስ ከሌለ ሽታው ባለበት ይረጋል፤ ማንንም አይጠራም።

ስለዚህ ከ15 እስከ 25 ኖት ያለውን ቀን እኔ እመርጣለሁ።

አዌቱ — ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ጋሽ ጂረን፣ በአክብሮት እዚህ ላይ አልስማማም። 25 ኖት በቢዩፎርት (የነፋስ ኃይል) መለኪያ 6 ነው፤ ነጭ አረፋ በየቦታው ነው፣ ሞገዱም 3 ሜትር ይደርሳል። ትንሽ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ከውኃው 3 ሜትር ከፍ ቢል፣ በጸጥተኛ ባሕር አድማሱ 6.2 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሞገዱ 3 ሜትር ሲሆን ግን ጀልባዋ ጉድጓድ ውስጥ በገባች ቁጥር ከፊቱ የውኃ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያየው። አልባትሮሱ ከሞገዱ በላይ ስለሚወጣ ይታያል። ስቶርም ፔትሬል ግን ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ፣ በሞገዱ ሸለቆ ውስጥ ለውስጥ የሚበር ጥቁር ወፍ ነው። በ4 ቢዩፎርት 300 ሜትር ላይ የሚለየው በ6 ቢዩፎርት 80 ሜትር ላይም ያመልጣል። እንዲህ ባለ ቀን ዝርዝሩ «አልባትሮስ በዛ፣ ስቶርም ፔትሬል የለም» ይላል። ያንን ያለው ነፋሱ ነው፣ ባሕሩ አይደለም።

ሁሉንም ለማየት የፈለገ ከ10 እስከ 18 ኖት ይምረጥ ባይ ነኝ። ከነፋሱ በላይ ግን በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ተመልከቱ። ትንበያ ላይ «3 ሜትር፣ በ14 ሰከንድ» ከተባለ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ ይቻላል። «2.5 ሜትር፣ በ7 ሰከንድ» ከሆነ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ያንገላታል፤ የሩቅ ማሳያ መነጽር በዓይን ላይ አይረጋም።

ጂረን — ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ለትንንሾቹ ወፎች ያልከውን እቀበላለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ግን አልባትሮስን ሳያይ መመለስ የለበትም። በእኔ 15 እና በአንተ 18 መካከል ያለው ቀን ከተገኘ ሁለታችንም ደስ ይለናል።

ሰቃ — ሰኞ፣ ማታ 2፡45

ወሩስ? «በክረምት» ስትሉ የእነሱን ነው የእኛን?

ቦዬ ዳር — ሰኞ፣ ማታ 3፡05

በዚህ አጋጣሚ ሁለቱም ይገጥማሉ። ኬፕ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቅዝቃዜያቸው ነው፣ ዝናባቸውም ያኔ ነው። እኛ ክረምት ስንል እነሱም ክረምት ላይ ናቸው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡቡ ውቅያኖስ ደሴቶች ጥቁር ቅንድብ ያለው አልባትሮስ፣ ሁለቱ ቢጫ አፍንጫ አልባትሮሶችና የኬፕ ፔትሬል ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ደግሞ አልባትሮሱ ይቀንሳል፤ በምትኩ ከሰሜን የመጡት የኮሪ ሺርዎተር፣ የሳቢን ጋል (ጋል ነጭና ግራጫ የሚበዛበት የባሕር ዳር ወፍ ነው) እና የአውሮፓው ስቶርም ፔትሬል ይገኛሉ። ነጭ አገጯ ፔትሬልና «ሻይ» (በእንግሊዝኛ ዓይን አፋር) አልባትሮስ የሚባለው ዓመቱን ሙሉ አሉ።

መራቢያ ጊዜም ዝርዝሩን ይለውጣል። ዕንቁላል ላይ ያለ ወፍ ተራ ይይዛል፦ አንዱ ጎጆ ላይ፣ አንዱ ባሕር ላይ። ጫጩቱ ገና ትንሽ ሳለ ወላጆቹ ቶሎ ቶሎ መመለስ ስላለባቸው ሩቅ አይሄዱም። ጎጆውን የጨረሰና ያልደረሰ ጎረምሳ ወፍ ግን የትም ሊገኝ ይችላል። ትልቁ ተንከራታች አልባትሮስ የሚወልደው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ በመሀሉ ባለው ዓመት ከማንም ጋር አልታሰረም። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጋር «በዚሁ ሳምንት» ብሎ ማወዳደር ሁልጊዜ አያስኬድም።

ሂርማታ — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ጂቡቲን ለጠየቃችሁት። ቅርብ ናት፤ ወፎቿም በራሳቸው የሚያኮሩ ናቸው። ነጭ ዓይን ያለው ጋል በዓለም ላይ የሚራባው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው። ጥቁሩ ጋል፣ ነጭ ጉንጭ ያለው ተርን፣ ቡናማው ቡቢ፣ ቀይ ምንቃር ያለው ትሮፒክበርድም አሉ። አልባትሮስ ግን የለም፤ ያንን ተስፋ አድርጎ የሚሄድ እንዳይኖር።

እዚያ ዝርዝሩን የሚያለያየው ዋናው ነገር የወራቱ ነፋስ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን በሶማሊያ ዳርቻ ከባድ ነፋስ ያነሳል፤ ከሥር የሚወጣው ውኃ በራስ ሃፉን አካባቢ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የጁዋኒን ፔትሬል፣ የፋርሱ ሺርዎተር፣ ከአንታርክቲክ የመጣው የዊልሰን ስቶርም ፔትሬል፣ ሁሉም ያንን ምግብ የሚከተሉት ያኔ ነው። ትንሽ ጀልባ ወደ ክፍቱ ባሕር ልትወጣ የማትችለውም ያኔ ነው። ባሕሩ በሚረጋበት በኅዳርና በጥር የወጣ ሰው የሚያየው ሌላ ባሕር ነው። የታተመው ዝርዝር አብዛኛው የተረጋው ወቅት ዝርዝር ስለሆነ፣ አንዳንዱ ወፍ ከእውነቱ በላይ ብርቅ መስሎ ይነበባል።

አደራ የምለው አንድ ነገር፦ በክረምታችን ወራት ተርኖች በሰባት ወንድማማቾች ደሴቶች ላይ ይራባሉ። ፎቶ ለማንሳት ተብሎ ጀልባ ወደ ደሴቱ መጠጋት የለበትም። ወላጁ ከተነሳ ዕንቁላሉ በዚያ ፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ይበስላል።

ሰቃ — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

መርከብ ከሌለ የዓሣ ማባበያ ይጣላል ይባላል። እንዴት ነው የሚጣለው? ሁሉም ይጥላል፣ ለአንዱ ይመጣል ለአንዱ አይመጣም።

ሂርማታ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

አብዛኛው የሚበላሸው በአጣጣሉ ነው። ለግማሽ ቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ የዓሣ ጭንቅላት፣ ሆድ ዕቃና ጉበት፣ ሁለት ሊትር የዓሣ ዘይት ይበቃል። ግማሹን ፈጭቶ ከባሕር ውኃ ጋር ማቅጠን፣ ግማሹን በቁራጭ መተው። የተፈጨውን ቀድሞ በባልዲ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጎ በረዶ ካደረጉት፣ በሽንኩርት ጆንያ ገብቶ በጀልባዋ ኋላ ሲንጠለጠል እየቀለጠ ራሱ ይንጠባጠባል።

ዘይቱ የሚፈሰው በጠብታ ነው፣ በማፍሰስ አይደለም። ካፒቴኑ ፍጥነቱን ወደ 4 ኖት አውርዶ ነፋሱን በጎን እየተቀበለ አንድ ማይል ያህል ይሂድ፤ በዚያ መንገድ ሽታው ሰፊ ግንባር ይዞ ወደ ነፋሱ መውረጃ ይሄዳል። ከነፋስ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተኬደ መስመሩ ቀጭን ይሆናል፤ ወፉ ሳያገኘው ያልፋል። ከዚያ ሞተር አጥፍቶ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሰዉ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ በ15ኛው ደቂቃ «ምንም የለም» ተብሎ ሞተር ይነሳል፤ ወፉም ወደዚያ የሚደርሰው ጀልባዋ ከሄደች በኋላ ነው። ስቶርም ፔትሬል የሚመጣው ነፋሱ ከሚሄድበት በኩል፣ ሽታውን ወደ ላይ እየተከተለ ነውና ዓይናችሁን በዚያ ላይ አድርጉ። ቁራጩ መጀመሪያ ከተጣለ ጋሎች ወርረው ሌላውን ያባርራሉ፤ ዘይቱ ይቅደም፣ ቁራጩ ይከተል። ፌስታልና ገመድ ወደ ባሕር እንዳይወርድ ጥንቃቄ ይደረግ፤ አልባትሮስ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ይውጣል፣ ለጫጩቱም ይዞ ይሄዳል።

አዌቱ — ረቡዕ፣ ማታ 1፡00

አንድ ያልተነሳ ነገር፦ ዝርዝሩ ላይ ያለው የዓይነት ቁጥር ራሱ ከባሕሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ትላልቆቹ ፔትሬሎች ሁለት ናቸው፦ የሰሜኑ ምንቃሩ ጫፍ ቀላ ያለ፣ የደቡቡ አረንጓዴ የቀላቀለ። ያንን በ200 ሜትር፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ የሚለየው ፎቶ ነው። ጥሩ ካሜራ ያለበት ጀልባ ሁለት ይጽፋል፣ የሌለበት አንድ። የዊልሰን ስቶርም ፔትሬል እግሩ ከጭራው ያልፋል፤ የአውሮፓው ደግሞ ከክንፉ ሥር ነጭ መስመር አለው። ያንን ያላየ ሰው «ስቶርም ፔትሬል፣ ያልተለየ» ብሎ መጻፍ አለበት እንጂ መገመት የለበትም። የድሮ ዝርዝር ላይ «ቢጫ አፍንጫ አልባትሮስ» አንድ ነበር፤ አሁን የአትላንቲኩና የሕንዱ ውቅያኖስ ተብሎ ሁለት ነው። የኮሪና የስኮፖሊ ሺርዎተርም እንዲሁ። ስለዚህ የቆየና የአሁን ዝርዝር በቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ካሜራ ለያዘ፦ ከ1/2000 ሰከንድ አትውረዱ። መነጽር ከ10 እጥፍ ይልቅ 8 እጥፍ ይሻላል፤ 8 በ42 የሆነው ወደ ዓይን የሚያስገባው የብርሃን ክብ ከ5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ጀልባ ስትናወጥ ምስሉ ቶሎ አይጠፋም።

ቦዬ ዳር — ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ስለ መመዝገብ። ባሕር ላይ የሚሠሩት የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው፦ የ10 ደቂቃ ቆጠራ፣ በጀልባዋ አንድ ወገን፣ እስከ 300 ሜትር። በ10 ኖት 10 ደቂቃ ማለት 3.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ0.3 ሲባዛ 0.93 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወፉ ስንት ነበር ለማለት በዚህ ማካፈል ይቻላል። በእያንዳንዱ ቆጠራ ላይ ሰዓት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ፍጥነት፣ ቢዩፎርት፣ የሞገድ ቁመት፣ የሚያዩ ሰዎች ቁጥር፣ መርከብ ወይም ማባበያ መኖሩ ይጻፋል። ምንም ካልታየ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ዜሮና ያልተቆጠረ ጊዜ በኋላ አይለዩም።

ጀልባን የሚከተል ወፍ ትልቁ ወጥመድ ነው። አንድ ጋል ሁለት ሰዓት ከኋላ ከተከተለ 12 ጊዜ ይቆጠራል። ተከታዮቹን ለብቻ ጽፎ በአንድ ጊዜ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ብቻ መውሰድ ነው። ማባበያና መርከብ ጋ የታየውም ከመንገድ ቆጠራው ጋር አይደመር።

ጂረን — ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ሰውነትንም አትርሱ። ባሕር ያጥወለወለው ሰው ዓይኑ ክፍት ቢሆንም አያይም፤ 12 ተመልካች የያዘች ጀልባ በሞገድ ቀን የምታየው በአራት ሰው ዓይን ነው። ይህም ዝርዝሩን ያሳንሳል፣ ማንም ግን አይጽፈውም። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመነሳት በፊት ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙ አይረዳም። አንዳንዱ ስለሚያስተኛ የትኛው እንደሚስማማችሁ ከፋርማሲ ባለሙያ ጠይቃችሁ እዚሁ ቤታችሁ አንድ ቀን ሞክሩት። በባዶ ሆድ ቡና ብቻ ጠጥቶ መውጣት አይበጅም፤ ጅማ ላይ ይህን መናገር እንደሚከብድ ባውቅም። ደረቅ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዝንጅብል ያዙ። ከጀልባዋ መሀል ወደ ኋላ ቁሙ፣ አድማሱን እዩ፣ ስልክ አትዩ።

ለአንድ ቀን ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። በክረምት ባሕሩ ለጀልባ የማይሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ አዘጋጁ ቀኑን ሊያዛውር ይችላል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን እዚያ ቆዩ፤ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ጉዞ ይዛችሁ የመመለሻ በረራችሁን ከመጨረሻው ጉዞ ሁለት ቀን አርቁ።

ቆጪ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። እንግዲህ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሰባት ቀን፣ ሦስት ጉዞ ተባለ። ለአዘጋጁ የሚላኩት ጥያቄዎችም ተለይተዋል፦ በሬዲዮ ከመርከቦች ጋር ይገናኛል ወይ፣ እስከ ስንት ማይል ይወጣል፣ ጠርዙ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ማባበያውን እንዴት ይጥላል፣ የሚሰርዘው ሞገዱ ስንት ሲደርስ ነው። የቆጠራውን ቅጽ ቦዬ ዳር ያለውን ይዤ በአንድ ገጽ አዘጋጃለሁ።

የ10 ደቂቃውን ቆጠራ ግን ባሕር ላይ መማር አይቻልም። ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ቦዬ ላይ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ሁለት ሁለት ሰው እየሆንን ያንኑ ቦታ ለየብቻ ቆጥረን ቁጥራችንን እናስተያይ። 300 ሜትሩን በዓይን ለመገመት የሚረዳ የርቀት መለኪያ ያለው ሰው ይኖራል?

አዌቱ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

እኔ ጋ አለ፣ ይዤ እመጣለሁ። ጉማሬዎቹ በዚያ ሰዓት ወደ ውኃ እየተመለሱ ስለሚሆን በሣሩ በኩል አትግቡ፤ መንገዱ ላይ ጠብቁኝ።